እትዬ ፋይልና የዴስክቶፑ ላም

በውኃ አገልግሎት ቅርንጫፍ ቢሯችን አንዲት ላም ነበረች። አትበላም፣ አትጠጣም፣ እምቧ አትልም፤ ኮምፒውተር ውስጥ ናት። ሆኖም ያለ እሷ ቢሮው ግማሽ ቀን መዋል አይችልም ነበር። ቋንቋዋን የምታውቀው ደግሞ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛችን፣ እትዬ ፋይል።

እውነተኛ ስሟ ይህ አይደለም። ነገር ግን ደሞዝ ስትፈርም ካልሆነ በቀር ሌላ ስም እንዳላት ትዝ የሚለው ሰው የለም። ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ረጅም ነው። ከወንበሯ ላይ ትራስ ደርባ ትቀመጣለች፤ ትራሱ ለወገቧ ነው ትላለች፣ እኛ ግን ከስክሪኑ በላይ እንድትታይ መሆኑን እናውቃለን። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። አንዲት ልጅ አለቻት፣ እሷም ሩቅ ከተማ አግብታ ትኖራለች። እትዬ ፋይል ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ትገባለች፣ ማታ ከሁሉም ኋላ ትወጣለች፣ በመካከሉ ያለውን ጊዜ እኛን በመስደብ ታሳልፋለች። ስድቧ ግን አያቆስልም። እንዲያውም ሳትሰድበኝ የዋለች ቀን አሞኛል ወይ ብዬ መስታወት አያለሁ።

ኮምፒውተሩ ወደ እኛ የመጣው ከእንስሳት ሕክምና ክፍል ተርፎ ነው። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ተረፈ ማለት ሌላው አልፈልግም አለ ማለት ነው። ሲከፈት ስክሪኑን ሙሉ አንዲት ላም ትሞላዋለች፤ ነጭ፣ ቡናማ ጣል ጣል ያለባት፣ ራሷን ወደ ግራ አድርጋ ሣር ላይ የቆመች፣ ፊቷ ላይ ጡረታ የወጣ ዳኛ ኩራት ያለባት። ሌላ ሰው ቢሆን ወዲያው በአበባ ወይም በልጆቹ ፎቶ ይቀይራት ነበር። እትዬ ፋይል ግን «የሰው ቤት ገብቶ ባለቤቲቱን ማስወጣት ነውር ነው» ብላ ተወቻት።

ችግሩ የተወለደው ከስም ነው። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሁሉ ከላይ «ቁጥር» ብሎ ይጀምራል። ኮምፒውተሩ ደግሞ አንድ ጽሑፍ ሊያስቀምጥ ሲል የመጀመሪያዋን ቃል ያነሣና «ስሙ ይህ ይሁን?» ብሎ ይጠይቃል። እትዬ ፋይል የመጀመሪያውን ደብዳቤ ጽፋ ስትጨርስ «ቁጥር ይባል?» አላት። «ይባል» አለች። ሁለተኛውንም «ቁጥር ይባል?» አላት። ማሽን ከሰው የተሻለ ያውቃል ብላ ስላመነች እንደገና «ይባል» አለች፤ እንዳይምታታ ብላ ብቻ ከኋላው አንድ አኃዝ ጨመረች። እንዲህ እንዲህ እየተባለ የቅርንጫፉ ውል፣ ክስ፣ አቤቱታና ቃለ ጉባኤ በሙሉ ቁጥር ተባለ። ቁጥር ዘጠኝ፣ ቁጥር ዘጠና ዘጠኝ፣ ቁጥር ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ። አኃዙ በቅደም ተከተል የመጣ እንዳይመስላችሁ። ጣቷ ያረፈበትን ነው የምትመታው።

ታዲያ አንዱን ከሌላው በምን ትለየዋለች? በላሟ።

ራሷ ላይ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ ደብዳቤ ይቀመጣል፤ ትእዛዝ ከራስ ነውና። ቀንዷ ላይ የፍርድ ቤት ጉዳይ፣ ይወጋል። ሆዷ ላይ ግዥ። ይህን ስታስረዳኝ ዓይን ዓይኔን ነበር የምታየው፤ የግዥ ክፍል ሠራተኛ እኔ ነኝ። ጡቷ ላይ ደንበኞች፤ «የምናልበው እነሱን አይደል?» ትላለች። ኮቴዋ ላይ የመኪና ጉዳይ። ጭራዋ ላይ አቤቱታ፤ ላሟ ዝንብ እንደምታባርረው እኛም እንዲሁ ነው የምናባርረው። ከጭራዋ ሥር፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ። ሣሩ ላይ የሠራተኞች የፈቃድ ጥያቄ፣ እስኪታጨድ ይጠብቃል።

እና እንዲህ ነበር የምንነጋገረው፦

«እትዬ፣ የገበያው ሠፈር የቧንቧ ውል የት ነው?»

«ሆዷ ላይ። ከትልቁ ቡናማ ወረድ ብሎ፣ ወደ እምብርቷ ያዘነበለው።»

«ከሁለቱ የትኛው?»

«ወደ እምብርቷ ያዘነበለው አልኩህ! እምብርት አታውቅም? እናትህ ስትወልድህ አልቆረጡልህም?»

አገኘነው ማለት ነው። ሁልጊዜም እናገኘው ነበር፤ እሷ ካለች። ሹፌራችን በየጠዋቱ በመስኮት አንገቱን ብቅ አድርጎ «ላሟ ደኅና አደረች? ምን ወለደች?» ይላል፤ እሷም «አንተን የመሰለ ጥጃ፣ ሸጥነው» ትለዋለች።

ላሟን ያልወደዷት ሥራ አስኪያጁ ብቻ ነበሩ። ሥራ አስኪያጁ ክራቫት የሚያስሩ፣ ስለ ዘመናዊ አሠራር ብዙ የሚናገሩ ሰው ናቸው። ሰነድ ሲፈልጉ ግን ከቢሯቸው በስልክ ከላሟ ጋር መታገል ነበረባቸው። አንድ ቀን አንዲት የተከበረች ደንበኛ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ ሳለ ስልኩን አንሥተው «የኋላውን ጡቷን እዪልኝ! የኋላውን!» ብለው ሲጮኹ፣ ሴትዮዋ ቦርሳዋን ይዛ ተነሥታ ወጣች። እስከ ዛሬ የውኃ ሒሳቧን በወንድሟ በኩል ነው የምትልከው።

ዋናው ነገር ግን ይህ አልነበረም። ዋናው ነገር እትዬ ፋይል ከቢሮው መውጣት አለመቻሏ ነበር። አንድ ጊዜ ጥርሷን ልትነቀል ሄደች። አፏ ጥጥ ተሞልቶ፣ መንጋጋዋ ደንዝዞ ሳለ ስልኳ ጮኸ።

«ቀንዷ ላይ ነው?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«እም።»

«ግራው?»

«እእም!»

«ቀኙ? ጫፉ ላይ ወይስ ሥሩ ላይ?»

የጥርስ ሐኪሙ ስልኩን ከእጇ ነጠቀና «ጌታዬ፣ ላሟን ነገ ይጠይቋት፣ እኔ አሁን የያዝኩት የሰው ጥርስ ነው» ብሎ ዘጋው።

ከዚያ የባሰው የልጇ ሠርግ ነው። በፎቶው ሁሉ ላይ ሙሽራዋ ትስቃለች፣ ሙሽራው ይስቃል፣ የሙሽራዋ እናት ስልክ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ አንድ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታለች። ለላም ጭራ አቅጣጫ እየሰጠች ነበር። ልጅቷ ይህን አልረሳችም። አርግዛ መውለጃዋ ሲቃረብም፣ የመጀመሪያዋ ነው፣ ብዙ ዓመት የጠበቀችው ነው፣ ስልክ ደውላ እንዲህ አለች፤ እትዬ ፋይል ራሷ ናት የነገረችን፦

«እማዬ፣ በወሊዴም ላይ ላሟን ልታልቢ ከሆነ ቅሪ። ባሌ አለ።»

ይህን ስትነግረን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትሰድበን ቀረች። ትራሷን አስተካከለች። ከዚያ ሣሩ ላይ አንድ የፈቃድ ጥያቄ አስቀመጠች፤ የራሷን።

ሥራ አስኪያጁ ጥያቄውን አይተው ወደ መዝገብ ቤት መጡ።

«እትዬ፣ መብትሽ ነው። ልጅ ነው፣ ወሊድ ነው፣ እንኳን ደስ አለሽ። ግን ላሟን ለማን ትተሽ?»

«ለእርስዎ! ይቀመጡ፣ አሁኑኑ አስተምርዎታለሁ።»

ተቀመጡ። ትራሱ ላይ ስለተቀመጡ ጉልበታቸው ከጠረጴዛው ጋር ተጋጨ። እኔ ከጎን ካለው ጠረጴዛ እሰማ ነበር።

«ይህ ምንድን ነው?» አለች እትዬ ፋይል ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ።

«ቁጥር አርባ አራት።»

«አይደለም።»

«ቁጥር አርባ አራት ነው የሚለው!»

«የሚለውን ይተዉት፣ እሱ ውሸታም ነው። የት ነው ያለው?»

«... ትከሻዋ ላይ።»

«ትከሻ ምን ይሸከማል?»

«ቀንበር።»

«ላም ቀንበር ትሸከማለች? ጌታዬ፣ እርስዎ ከተማ ነው ያደጉት? ትከሻ ላይ ያለው የበር ጥበቃዎች ጉዳይ ነው። እነሱ ናቸው የተሸከሙን።»

«እሺ። ይኸኛው ጉልበቷ ላይ ያለው?»

«እሱ ምንም አይደለም፣ ተንሸራቶ ነው። ጡቷ ላይ ነበር።»

ሥራ አስኪያጁ ተነሡ። ክራቫታቸውን ላላ አደረጉ። «ይህ ቢሮ ነው ወይስ በረት?» አሉና ወጡ። እኔ እንኳ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል ብዬ አስቤ ነበር። አላበቃም።

ሐሙስ ጠዋት እትዬ ፋይል ለአርብ የአውቶቡስ ቦታ ልትይዝ ወደ መናኸሪያ ሄደች። ፈቃዱ ገና አልተፈረመም፤ ግን እሷ «ቦታውን ከያዝኩ እግዜርም አለቃም ያፍራሉ» ብላ ነው የወጣችው። እሷ ከበሩ ስትወጣ ሪስታርት ገባ።

ሪስታርት ሥራ አስኪያጁ ያስጠሩት የሠፈሩ የኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ሆዱ ከቦርሳው የሚበልጥ፣ ትልቅ ሰው ነው፣ የልጆች አባት። ስሙን ያገኘው ለየትኛውም በሽታ አንድ መድኃኒት ስላለው ነው፤ አጥፍቶ ማስነሣት። ማተሚያው ወረቀት ጎረሰ? ሪስታርት። ስክሪኑ ጨለመ? ሪስታርት። ሚስቱ እንኳ ስትቆጣው ከቤት ወጥቶ እንደገና ይገባል ይባላል። ሪስታርት ካልሠራ ደግሞ ሁለተኛውን መድኃኒት ያወጣል፤ «ወደ ዲፎልት እንመልሰው»።

«ዲፎልት ማለት?» አሉት ሥራ አስኪያጁ።

«ፋብሪካው እንደሠራው። እንደ ተወለደበት ቀን። ማንም ሳይነካው እንደነበረው።»

«እትዬም ሳትነካው?»

«ማንም።»

ሥራ አስኪያጁ ፊታቸው በራ። «በል መልሰው።»

ሪስታርት ተቀመጠ። መጀመሪያ ላሟ ሄደች። ራሷ፣ ቀንዷ፣ ሆዷ፣ ያ ሁሉ ሣር፣ ባንድ ጠቅታ፤ በቦታዋ አንድ ባዶ ሰማያዊ መጣ፣ ዳመና እንኳ የሌለው። በግራ ጠርዝ ቆሞ የነበረው የፕሮግራሞች ረድፍ ወደ ታች ወረደ። ዓይን ለደከመው እንዲሆን ያበጠው ፊደል ከስቶ የጉንዳን እግር አከለ። በመጨረሻ «በረድፍ ይሰለፉ» የሚለውን ነካ። ያኔ በላሟ ገላ ላይ ተበትነው የነበሩት ፋይሎች ሁሉ ከግራ ጀምረው፣ እንደ ተማሪ ቤት ሰልፍ፣ ትከሻ ለትከሻ ቆሙ። ቁጥር፣ ቁጥር፣ ቁጥር፣ ቁጥር።

«ይኸው!» አለ ሪስታርት እጁን እያራገፈ። «አንድ ፋይል አልጠፋም። ሁሉም አለ።»

«አየህ? ቢሮ መሰለ» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «እስቲ የገበያውን ሠፈር ውል ክፈትልኝ።»

ሪስታርት ሰልፉን አየ። ከላይ እስከ ታች አየው። ከታች እስከ ላይ አየው።

«የትኛው ቁጥር ነው?» አለ።

ያን ጊዜ ነው እትዬ ፋይል ትኬቷን በእጇ ይዛ የገባችው። ቦርሳዋን አላስቀመጠችም። ስክሪኑን አየች። እኔ ስትጮህ ለመስማት ተዘጋጅቼ ነበር፤ ድምፅዋ ግን ቀስ ብሎ ነው የወጣው።

«ላሜን ማን አረዳት?»

 ሹፌሩ በመስኮቱ በኩል የነበረውን አንገቱን እንደ ኤሊ ሰበሰበ።

«እትዬ፣ ሥዕል ብቻ ነው» አለ ሪስታርት። «ፈልጌ መልሼ አስቀምጥልሻለሁ፣ ያንኑ ሥዕል።»

«እነሱስ በየቦታቸው ይመለሳሉ?»

«እሱ እንኳ... እነሱ አሁን ተሰልፈዋል።»

«አንተ ሰው፣ ያንድን አገር ሕዝብ ሁሉ ከየቤቱ አውጥተህ አደባባይ ላይ አሰልፈህ፣ ሁሉንም አንድ ስም ሰጥተህ፣ አንድ ሰው አልጠፋም ትለኛለህ? ሆድህስ? ሆድህን ወደ ዲፎልቱ አትመልሰውም ነበር?»

«እኔ የታዘዝኩትን ነው!»

ፊቷን ወደ ሥራ አስኪያጁ አዞረች። እሳቸውም ወደ መስኮቱ አዞሩ። መስኮቱ ላይ ምንም አልነበረም።

«እትዬ፣ ለአንቺው ብዬ ነው» አሉ። «ላሟ ባትኖር ሰው ሁሉ ያገኘዋል፣ አንቺም በነፃነት ትሄጃለሽ ብዬ ነው።»

«አሁን ማን አገኘው?»

«አሁንማ... አሁን ስም ያስፈልጋቸዋል። ስም ስጫቸውና ሂጂ። ፈቃዱን እፈርማለሁ። ስም ሳይሰጣቸው ግን መሄድ የለም፣ ሰኞ ከዋናው መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ ትመጣለች፣ ምን አሳያታለሁ?»

እትዬ ፋይል ትኬቷን አየች። አርብ ጠዋት ይላል። ሰልፉን አየች። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሉት ይኼ ነው» አለችና ነጠላዋን አውልቃ ወንበሩ ላይ ሰቀለች፤ ሪስታርትን በክርኗ ገፍታ ትራሷ ላይ ተቀመጠች።

«ምን ዓይነት ስም ነው የሚፈልጉት?» አለች።

«ግልጽ ስም። ከመንገድ የገባ ሰው እንኳ አንብቦ ምን እንደሆነ የሚረዳው። እውነተኛውን ብቻ ጻፊ።»

ይህን ያዘዙት እሳቸው ናቸው። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ያን ቀን ማንም ሌላ ሥራ አልሠራም። እሷ አንዱን ቁጥር ትከፍታለች፣ ሁለት መስመር ታነባለች፣ «እ!» ትላለች፣ በሁለት ጣቷ ስም ትመታለታለች። ጣቶቿ እንደ ዶሮ ጥሬ ይለቅማሉ። አንዳንዱን ሳታስታውስ ስትቀር ጮክ ብላ ታነብልናለች፣ እኛ ደግሞ እናስታውሳታለን። ሪስታርት እንኳ አልሄደም፤ አፍሮ ይሁን ወሬው ጣፍጦት አላውቅም፤ አጠገቧ ወንበር ስቦ ፊደሉን መልሶ አሳበጠላት።

«ይሄ ማን ነው? ‘ቆጣሪዬ ውኃ ሳልጠቀም ይዞራል’ የሚል።»

«ያ ጆሮው የማይሰማው ሰውዬ» አለ ሹፌሩ፣ ከመስኮቱ ወደ ውስጥ ገብቶ።

«እሱ ነው! ሦስት ጊዜ መጥቶ ሦስት ጊዜ ነገ ያልነው።» ጻፈችው፤ «ጆሮው የማይሰማው ሰውዬ ቆጣሪ፣ ነገ እያልን የምናመላልሰው»።

«እትዬ፣ እንዲህ ተብሎ ይጻፋል?» አልኳት።

«ውሸት ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ አንተ ማን ነህ? ይኸው ያንተ ደረሰ።» ጻፈች፤ «የፓምፕ ጎማ ግዥ፣ ግዥ ክፍል አስታውሰዋለሁ ብሎ የረሳው»። ሹፌሩ እስኪያነባ ሳቀ። የእሱም ብዙ ሳይቆይ ደረሰ፤ «መኪናዋ ቆማ ሳለች የጠጣችው ነዳጅ»። መሳቁን አቆመ።

ከሰዓት በኋላ ልጇ ደወለች። እትዬ ፋይል ስልኩን በትከሻዋ ይዛ ጣቷን አላቆመችም።

«እመጣለሁ እኮ... ነገ... አይ፣ እያለብኩ አይደለም። ታርዳለች። አዎ፣ ላሟ! ታርዳለች አልኩሽ! ቆዳውን እየገፈፍኩ ነው፣ ሲያልቅ እነሣለሁ።» ዘጋችውና «ሳቀች» አለችን። «እንዲህ ከሳቀችልኝ ብዙ ጊዜዋ ነው።»

ከሥራ መውጫ በፊት የመጨረሻው ቁጥር ስም አገኘ። ሥራ አስኪያጁ ኮፍያቸውን ይዘው ሊወጡ ሲሉ ፈቃዱን ፊታቸው ዘረጋችው። ፈረሙ። እጃቸው ላይ እንዳለ ነጥቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፣ አሳባቸውን እንዳይቀይሩ። አርብ ጠዋት ሹፌሩ መናኸሪያ አደረሳት። ቆማ ሳለች የጠጣችውን ነዳጅ ለማካካስ ነው አለ።

ተቆጣጣሪዋ በተባለው ቀን መጣች። ቀጭን፣ መነጽሯን ባፍንጫዋ ጫፍ የምታደርግ፣ ሰላምታዋ ራሱ ጥያቄ የሚመስል ሴት ናት። ሥራ አስኪያጁ በኩራት ወደ መዝገብ ቤት አስገቧት፤ እኔም ወንበር እንዳመጣ ተጠርቼ በዚያው ቆሜ ቀረሁ።

«አሠራራችንን ወደ መጀመሪያው ንጹሕ ሁኔታ መልሰነዋል» አሉ ሰማያዊውን ስክሪን እያሳዩ። «ማንኛውንም ሰነድ ይጠይቁ። በስሙ ይገኛል።»

«የገበያው ሠፈር የቧንቧ ውል።»

ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ተቀመጡ። «ቧንቧ» ብለው በመፈለጊያው ላይ ጻፉ። ሰነዶቹ እንደ ታማኝ ልጆች ባንድ ጊዜ ብቅ አሉ። ተቆጣጣሪዋ ጎንበስ ብላ፣ መነጽሯን ገፋ አድርጋ፣ ጮክ ብላ አነበበች፦

«የገበያው ሠፈር ቧንቧ ውል፣ ሥራ አስኪያጁ ሳያነቡ የፈረሙት።»

ሥራ አስኪያጁ ማውሱን ሊያንቀሳቅሱ ሞከሩ። ማውሱ ከጠረጴዛው ወደቀ።

«የገበያው ሠፈር ቧንቧ፣ ሥራ አስኪያጁ ከፈረሙ በኋላ አንብበው የጮኹበት» አለች ተቆጣጣሪዋ፣ ቀጥላ። «ቧንቧው ሲፈነዳ ሁሉም አላየሁም ያለበት ስብሰባ። ስለ ቧንቧው ከበላይ የመጣ ቁጣ፣ መልስ ያልጻፍንለት፣ ይረሱታል ብለን።»

ቀና አለች።

«ይህን ቁጣ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች። «አልረሳሁትም።»

እኔ ወንበሩን ይዤ መውጫ ፈለግሁ። እሷ ግን ወንበሩን ከእጄ ተቀብላ ተቀመጠች፣ ሥራ አስኪያጁን «ይነሡልኝ» አለቻቸው፣ ማውሱን ከመሬት አነሣች። «ስንት ቅርንጫፍ ዞሬያለሁ» አለች፤ «ምን ምን እንደሆነ የገባኝ ቢሮ ይህ ነው። ማንም ስም እንዳይቀይር። ሁሉንም አነባለሁ።» ከዚያ «ጆሮው የማይሰማው» የሚለውን ከፈተች። ሰውዬው በዚያው ቀን ከሰዓት ተጠርቶ ቆጣሪው ተቀየረለት፤ ያን ያህል ጊዜ ሲመላለስ የኖረው ሰው ቁጭ ብሎ ሳይጠብቅ ሲስተናገድ የተሳሳተ ቢሮ የገባ መስሎት ሁለት ጊዜ የበሩን ጽሑፍ ወጥቶ አየ።

ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ጠረጴዛ ሸሽተው መጡ። ላባቸው በክራቫታቸው ላይ ይወርዳል። ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ፤ ላባቸውን እየጠረጉ ድምፁን ከፍተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ብዙ ጮኸ። እትዬ ፋይል ስታነሣው ከኋላዋ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል፣ ቀጭን፣ ገና ያልተገራ።

«እትዬ! እትዬ ፋይል!»

«አቤት ጌታዬ! ሦስት ቀን ሙሉ ምነው ዝም አላችሁ? ስልኬ የተበላሸ መስሎኝ ልጄን ደውይልኝ እያልኩ ስሞክረው ነበር። ምን ጠፋ?»

«ምንም አልጠፋም!»

«ምንም?»

«ምንም! ችግሩ እሱ ነው! ሁሉም ተገኘ! ነገውኑ ተሳፍረሽ ነይ፣ ስሞቹን አንድ ባንድ ትቀይሪያለሽ፣ እንደ ሰው አጻጻፍ! ጉድ አድርገሽኛል!»

በዚያ በኩል የሕፃኑ ልቅሶ ቆመ። ልጅቷ «ማን ነው እማዬ? እሳቸው ናቸው?» ስትል ተሰማ። እትዬ ፋይል «አንድ ጊዜ፣ ይቺን ብቻ» አለቻት። ሥራ አስኪያጁ ያዳምጣሉ። እኔም አዳምጣለሁ። መልሱ ድሮ ምን ይሆን እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን፤ ከጥርስ ሐኪም ወንበር፣ ከልጇ ሠርግ መካከል የመጣው ያው መልስ። እኔ እንዲያውም ትኬት የምትቆርጥበትን ሰዓት በልቤ ማስላት ጀምሬ ነበር።

«ጌታዬ» አለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሕፃኑ እንዳይነቃባት እንደምትናገር ሰው። «የልጄ ልጅ እጄ ላይ ነው። ወንድ ነው፣ እርስዎን አይመስልም፣ ተመስገን። ሌሊቱን ሲያለቅስ አድሮ አሁን ገና ነው ዝም ያለው። እግሩ እንዲጠና፣ አንገቱ እንዲጠና፣ የሚይዘው ሰው ይፈልጋል። ፈቃዴ እስኪያልቅ አልመጣም።»

«እትዬ፣ እኔስ?»

«እሱ ገና አንገቱን አልቻለም። እርስዎ ችለዋል።»

ዘጋችው። ሥራ አስኪያጁ የተዘጋውን ስልክ ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ሳያውቁት መሰለኝ፣ ክራቫታቸውን ፈትተው አንገታቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ፤ ከውስጥ ደግሞ ተቆጣጣሪዋ «የፓምፕ ጎማውን የረሳው የግዥ ክፍል ሰው የትኛው ነው? ግባ!» እያለች ትጣራ ነበር።